ለሕዝብ ትራንስፖርት ፍትሐዊ የፌዴራል በጀት መጠየቅ፦ ከዝግጅት እስከ ክትትል

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ስለ አውቶቡስና ስለ ባቡር አገልግሎት ለኮንግረስ አባላት የሚጽፏቸው ደብዳቤዎች፣ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየእድሩ የሚያሰባስቧቸውም ፊርማዎች አብዛኛውን ጊዜ «ስለጻፉልን እናመሰግናለን» ከሚል ምላሽ አያልፉም። ጥያቄው ወይ ለማይመለከተው ጽሕፈት ቤት ቀርቧል፣ ወይ ጊዜው ካለፈ በኋላ ደርሷል፣ ወይም «ትራንስፖርት ይሻሻልልን» ከማለት በቀር በሕግ አንቀጽ ሆኖ ሊጻፍ የሚችል ነገር አልያዘም። ከታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው ይከተሉ፤ በተለይ ሁለተኛውን ሳይጨርሱ ወደ አምስተኛው አይዝለሉ። የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ጉዳዩ የኮንግረስ መሆኑን ያረጋግጡ

አውቶቡስዎ ዘግይቶ ከመጣ፣ ፌርማታው ከተነሳ ወይም ሾፌሩ ካመናጨቀዎ፣ አቤቱታው የሚቀርበው ለአገልግሎት ሰጪው ድርጅት ነው። ኮንግረስ መስመር አይቀይስም፣ የመነሻ ሰዓትም አያወጣም። ኮንግረስ የሚወስነው ገንዘቡ ስንት እንደሆነ፣ በምን ቀመር እንደሚከፋፈልና ለምን ዓይነት ወጪ እንደሚፈቀድ ነው።

መስመሩ ሊሰረዝ የታሰበው በበጀት ጉድለት ከሆነ ሁለት መንገድ ጎን ለጎን ይያዙ። አንደኛው የዚህ መመሪያ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው በአካባቢዎ ያለ ነው፦ ሕዝባቸው 200,000 እና ከዚያ በላይ በሆነ ከተሞች በከፍተኛ ሰዓት 50 እና ከዚያ በላይ ተሽከርካሪ በቋሚ መስመር የሚያሰማሩ ድርጅቶች ትልቅ የአገልግሎት ለውጥ ከማድረጋቸው በፊት፣ ለውጡ በዘርና በገቢ ረገድ ማንን ይበልጥ እንደሚጎዳ መመርመር አለባቸው። ይህ ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ጋር የተያያዘ የፌዴራል መመሪያ ነው፤ አሁንም በሥራ ላይ መሆኑን አረጋግጠው የምርመራው ውጤት እንዲሰጥዎ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ደረጃ 2፦ ስለ የትኛው ገንዘብ እንደሚጠይቁ ይለዩ

አብዛኛው ጥረት የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና ጊዜ ይውሰዱ።

ካፒታልና መደበኛ ወጪ

በአገራችን የበጀት ዜና «ካፒታል» እና «መደበኛ» ተብሎ የሚነገረው ልዩነት እዚህም አለ። አውቶቡስ መግዛት፣ ሐዲድ መዘርጋት፣ ጣቢያ መገንባት ካፒታል ነው፤ የሾፌር ደመወዝ፣ ነዳጅና የዕለት ሥራ መደበኛ ወጪ ነው። ከ1998ቱ ሕግ ወዲህ ሕዝባቸው ከ200,000 በላይ የሆነ የከተማ አካባቢዎች ዋናውን የፌዴራል የቀመር ገንዘብ ለመደበኛ ወጪ እንዳያውሉ በመሠረቱ ተከልክለዋል፤ በከፍተኛ ሰዓት ከ100 የማይበልጡ አውቶቡሶችን ለሚያሰማሩ ድርጅቶች ብቻ ከፊል ፈቃድ አለ። ዋሽንግተን፣ ሲያትል፣ አትላንታ፣ ዴንቨር፣ ዳላስ፣ ሚኒያፖሊስ፣ ሎስ አንጀለስ፣ ማለትም ብዙ ሐበሻ የሚኖርባቸው ከተሞች ሁሉ፣ ከ200,000ው ጣሪያ በላይ ናቸው። አዲስ አውቶቡስ ገዝቶ ሾፌር መቅጠር ያቃተው ድርጅት የሚገጥመን ለዚህ ነው።

በወረርሽኙ ጊዜ ኮንግረስ በሦስት ሕጎች 69.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለሕዝብ ትራንስፖርት ሲሰጥ፣ ገንዘቡ ለደመወዝና ለዕለት ሥራ እንዲውል ፈቅዶ ነበር። ጽሕፈት ቤቱ «ይህ ተደርጎ አይታወቅም» ካለዎ የሚጠቅሱት ይህንን ነው።

80 ለ20

የፌዴራል የነዳጅ ግብር የሚገባበት «ሃይዌይ ትረስት ፈንድ» ከ1982ቱ ሕግ ወዲህ ሁለት ቋት አለው፤ አንዱ ለአውራ ጎዳና፣ ሌላው ለሕዝብ ትራንስፖርት። ክፍፍሉ በልማድ በግምት 80 ለ20 ሆኖ ቆይቷል። ይህ ሕጉ በየጥቂት ዓመቱ ሲታደስ በድርድር የሚጸና ልማድ እንጂ የማይነካ ድንጋጌ አይደለም። ስለዚህ የሕዝብ ትራንስፖርት ድርሻ እንዲያድግ መጠየቅ ይቻላል፤ እንዳይቀነስ መከላከልም ያስፈልጋል።

አንዱን ይምረጡ

እኔ የምመክረው የመደበኛ ወጪን ጥያቄ ነው። በሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ የሆቴል፣ የአውሮፕላን ማረፊያ፣ የመኪና ማቆሚያና የአረጋውያን እንክብካቤ ሠራተኞቻችንን የሚጎዳቸው የአውቶቡስ እርጅና ሳይሆን አውቶቡሱ በሚፈልጉት ሰዓት አለመኖሩ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ «ፈቃዱ ይሰጠን» ብለው ብቻ አይጠይቁ። ተጨማሪ ገንዘብ የሌለው ፈቃድ ለጥገናና ለእድሳት የተያዘውን ገንዘብ ወደ ደመወዝ ያሸጋግርና ከጥቂት ዓመት በኋላ ሐዲዱና አውቶቡሱ ይበላሻል። ጥያቄው ፈቃድም አዲስ ገንዘብም መሆን አለበት። የጆርጂያው ተወካይ ሃንክ ጆንሰን ባለፉት ኮንግረሶች ያቀረቡት ረቂቅ እንዲህ ያለ ነው፤ ለአራት ዓመት በየዓመቱ 20 ቢሊዮን ዶላር ለመደበኛ ወጪ እንዲመደብ ይጠይቅ ነበር። ረቂቅ ሕግ ሁለት ዓመት የሚቆየው ኮንግረስ ሲያበቃ አብሮ ይሞታል፣ እንደገና ከቀረበም አዲስ ቁጥር ይይዛል። ስለዚህ «ይህን ረቂቅ ይደግፉልን» ከማለትዎ በፊት በኮንግረስ ዶት ገቭ (congress.gov) ድረ ገጽ ገብተው በሕይወት መኖሩንና ቁጥሩን ያረጋግጡ። የሞተ ረቂቅ ቁጥር ጠቅሶ የገባ ሰው ቀጣዩን አሥር ደቂቃ ማንም በቁም ነገር አይሰማውም።

ደረጃ 3፦ ጊዜውን ያስሉ

በኖቬምበር 15 ቀን 2021 የተፈረመው የመሠረተ ልማት ሕግ ለሕዝብ ትራንስፖርት በአምስት ዓመት እስከ 108 ቢሊዮን ዶላር ያስቀመጠ ሲሆን፣ የመንገድና የትራንስፖርት ፕሮግራሞቹ ዘመን የሚያበቃው በሴፕቴምበር 30 ቀን 2026 ነው። ኮንግረስ ተተኪውን ሕግ በጊዜው ካልጨረሰ የነበረውን ሕግ በአጫጭር ማራዘሚያ ማስቀጠል የተለመደ ነው፤ በሴፕቴምበር 2014 ያበቃው ሕግ በተደጋጋሚ ተራዝሞ የተተካው በዲሴምበር 2015 ነበር። ስለዚህ ከመጻፍዎ በፊት ጉዳዩ ከሚከተሉት በየትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ ይወቁ።

ሀ. ኮሚቴዎች ረቂቁን ከማርቀቃቸው በፊት፦ የሚበጀው ጊዜ ይህ ነው። አንቀጽ ሊጨመር ይችላል።

ለ. ረቂቁ በኮሚቴ ታይቶ ማሻሻያ በሚቀርብበት ሰሞን፦ አጠቃላይ ሐሳብ አይላኩ፤ አንድ የተለየ ማሻሻያ ይደግፉ ወይም ይቃወሙ።

ሐ. ሁለቱ ምክር ቤቶች ልዩነታቸውን በሚያስታርቁበት ጊዜ፦ መጠየቅ የሚቻለው «የዚህኛው ምክር ቤት አንቀጽ ይያዝልን» ብሎ ብቻ ነው።

መ. ማራዘሚያ ላይ ከሆነ፦ እንደ ሀ ይቁጠሩት።

ደረጃ 4፦ ማንን እንደሚጠይቁ ይለዩ

በመጀመሪያ የራስዎን የተወካዮች ምክር ቤት አባልና ሁለቱን ሴናተሮች በዚፕ ኮድዎ ይፈልጉ። ቀጥሎ በየትኛው ኮሚቴ ውስጥ እንዳሉ ይመልከቱ።

በተወካዮች ምክር ቤት መንገዱንም የሕዝብ ትራንስፖርቱንም የሚያረቅቀው የትራንስፖርትና የመሠረተ ልማት ኮሚቴ ነው። በሴኔት ግን ሰው ሁሉ ይሳሳታል፦ አውራ ጎዳናን የሚያረቅቀው የአካባቢና የሕዝብ ሥራዎች ኮሚቴ ሲሆን፣ የሕዝብ ትራንስፖርት ምዕራፍ የሚጻፈው በባንክ፣ በቤቶችና በከተማ ጉዳዮች ኮሚቴ ነው። የአውቶቡስ ጉዳይ ባንክ ኮሚቴ ምን አገባው ብለው አይለፉት። የቨርጂኒያው ሴናተር ማርክ ዋርነር ለዓመታት የዚህ ኮሚቴ አባል ስለሆኑ፣ በአሌክሳንድሪያና በአካባቢው የሚኖር ሰው በሩ ቅርብ ነው። ከሲያትል በስተሰሜን ያለውን አካባቢ የሚወክሉት ሪክ ላርሰንም በተወካዮች ምክር ቤቱ ኮሚቴ የዴሞክራቶች መሪ ናቸው። የኮሚቴ ወንበር ከምርጫ በኋላ ስለሚቀያየር በሚጽፉበት ሳምንት እንደገና ያረጋግጡ። የየዓመቱ ገንዘብ የሚለቀቀው ደግሞ በበጀት ምደባ ኮሚቴዎች በኩል ነው፤ የእነርሱ ተራ በደረጃ 8 ይመጣል።

ችግር ቢገጥም

ተወካይዎ በየትኛውም ኮሚቴ ውስጥ ካልሆኑ ይጠይቋቸው እንጂ አይተዉአቸው፤ ልመናው «ለኮሚቴው ሊቀመንበርና ለተቃዋሚው ወገን መሪ በደብዳቤ ይግለጹልን» የሚል ይሁን። ሌላ ክፍለ ሀገር ላለ የኮሚቴ ሊቀመንበር በቀጥታ መጻፍ ግን ብዙም አይጠቅም፤ የድረ ገጽ ቅጾች የምርጫ ክልሉ ያልሆነን አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ አይቀበሉም። በዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የሚኖሩ ከሆነ ሴናተር የለዎትም፤ ልዑኳ በኮሚቴ ድምፅ ይሰጣሉ እንጂ በምክር ቤቱ የመጨረሻ ድምፅ አሰጣጥ አይሳተፉም። ስለዚህ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ዘመዶችዎንና የሥራ ባልደረቦችዎን ያስተባብሩ፤ የዋሽንግተን ሜትሮ (የአካባቢው ባቡርና አውቶቡስ) የሦስቱም ነው።

ደረጃ 5፦ ማስረጃ ይሰብስቡ

ሁለት ዓይነት ማስረጃ ይበቃል። የመጀመሪያው የድርጅቱ ሒሳብ ነው። የፌዴራል ትራንዚት አስተዳደር በብሔራዊ የትራንዚት የመረጃ ቋቱ የእያንዳንዱን ድርጅት የአንድ ዓመት መገለጫ በነፃ ያወጣል፤ ከዚያ ላይ የመደበኛ ወጪው ምን ያህሉ ከፌዴራል፣ ምን ያህሉ ከክፍለ ሀገር፣ ከአካባቢና ከቲኬት እንደመጣ ይውሰዱ። አንድ አኃዝ ይበቃዎታል፤ ዓመቱን አብረው ይጻፉ።

ሁለተኛው የሰዎች ምስክርነት ነው። ከሦስት እስከ አምስት ሰው ይምረጡና ለእያንዳንዱ እነዚህን ብቻ ይጠይቁ፦ የት ይሠራሉ፣ ፈረቃዎ ስንት ሰዓት ይጀምራል፣ በየትኛው መስመር ይሄዳሉ፣ አገልግሎቱ በሌለበት ሰዓት በምን ይሄዳሉ፣ ስንት ይከፍላሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሰዓቱን ሲመዘግቡ በአገር ቤት አቆጣጠር እንዳይሆን ይጠንቀቁ። የዋሽንግተን ሜትሮ ባቡር በሥራ ቀን የሚጀምረው በእኛ አነጋገር ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ በእነርሱ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ነው። «11» ተብሎ በቀጥታ የተተረጎመ ምስክርነት የጽሕፈት ቤቱን ሠራተኛ በእነርሱ ከምሽቱ 11 ሰዓት ላይ ያደርሰዋል፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ባቡር አለ፣ አቤቱታውም ሐሰት ይመስላል። የሁሉንም ሰው ሰዓት ስድስት ቀንሰው ወይም ጨምረው ጠዋት ወይም ማታ መሆኑን ይጻፉበት።

ምስክሩ ሙሉ ስሙ እንዲጻፍ ካልፈለገ የመጀመሪያ ስምና የሥራ ዓይነት ይበቃል። ፈቃዱን ግን በጽሑፍ ይያዙ።

ደረጃ 6፦ አንድ ገጹን ይጻፉ

ከአንድ ገጽ አይለፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ማን እንደሆኑ፣ የት እንደሚኖሩና ምን እንደሚጠይቁ ይናገሩ። የሰላምታ ዙሪያ ጥምጥምና የተከበሩነት ዝርዝር ለእኛ ጨዋነት ነው፤ እዚያ ግን ጥያቄውን ወደ ሁለተኛው ገጽ ይገፋዋል። መጀመሪያ በአማርኛ አርቅቀው ሐሳቡ ከጠራ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ ያስመልሱት። አርአያ የሚሆን አካል እነሆ፤ ባዶውን በራስዎ እውነት ይሙሉ፦

«በአሌክሳንድሪያ፣ ዚፕ ኮድ — ነዋሪ ነኝ። በቀጣዩ የትራንስፖርት ሕግ ውስጥ ከ200,000 በላይ ሕዝብ ላላቸው ከተሞች ለመደበኛ ወጪ የሚውል አዲስ የፌዴራል ገንዘብ እንዲካተት፣ የሕዝብ ትራንስፖርት ድርሻም ከአሁኑ እንዳይቀነስ እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ።

በሬገን አውሮፕላን ማረፊያ የምግብ ዝግጅት ሠራተኛ ነኝ። ፈረቃዬ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ባቡር የሚነሳው 5 ሰዓት ላይ ነው። በሳምንት — ቀን በታክሲ እየሄድኩ — ዶላር አወጣለሁ። በ— ዓ.ም. ከድርጅቱ መደበኛ ወጪ ከፌዴራል መንግሥት የመጣው — በመቶ ብቻ ነበር።

ይህን ጥያቄ ይደግፉ እንደሆነ እስከ — ቀን በጽሑፍ ቢያሳውቁኝ አመሰግናለሁ።»

ማስጠንቀቂያ፦ ዜጋ ካልሆኑ «መራጭ» ወይም «ዜጋ» የሚል ቃል በፍጹም አይጻፉ፣ ሌላው በጻፈው ላይም አይፈርሙ። ለመንግሥት አቤቱታ የማቅረብ መብት በዜግነት የተወሰነ አይደለም፤ ዜጋ ነኝ ብሎ በሐሰት መናገር ግን በኢሚግሬሽን ጉዳይ ከባድ መዘዝ አለው። «ነዋሪ» ማለት በቂ ነው። በሒደት ላይ ያለ የኢሚግሬሽን ጉዳይ ያለው ሰው ስሙን ከማውጣቱ በፊት ጠበቃውን ያማክር።

ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ማኅበር በስሙ የሚጽፍ ከሆነ

ከግብር ነፃ የሆኑ የበጎ አድራጎትና የእምነት ድርጅቶች በሕግ ላይ ሐሳብ መስጠት ይችላሉ፤ ይህ ግን የሥራቸው ትልቅ ክፍል መሆን የለበትም። ለዕጩ መቀስቀስ ለእነዚህ ድርጅቶች የተከለከለ ነው። ከእነዚህ መካከል የእምነት ተቋም ያልሆኑት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ልዩ ቅጽ ሞልተው በወጪ የሚለካ ግልጽ ጣሪያ መምረጥ ሲችሉ፣ የእምነት ተቋማት ይህ ምርጫ የላቸውም። በቅዳሴ መጨረሻ በሚነገር ማስታወቂያ ላይ «ይህን የማይደግፈውን አንመርጥም» የምትል ዓረፍተ ነገር እንዳትገባ አስተባባሪው አስቀድሞ ያንብበው።

ደረጃ 7፦ ያስተላልፉ፣ ይደውሉ፣ ቀጠሮ ይያዙ

ደብዳቤውን በፖስታ ወደ ካፒቶል አይላኩ። ከ2001 የአንትራክስ ጥቃት ወዲህ ወደ ኮንግረስ የሚላክ ፖስታ በጥብቅ ስለሚፈተሽ ይዘገያል። በአባሉ ድረ ገጽ ቅጽ ይላኩት፣ ግልባጩን በአካባቢዎ ላለው ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት በእጅዎ ያስረክቡ። በማግስቱ በካፒቶል ማዞሪያ ቁጥር 202-224-3121 ደውለው የአባሉን ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ ስምዎን፣ ዚፕ ኮድዎንና የጥያቄውን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይናገሩ። እንግሊዝኛው የሚያስጨንቅዎ ከሆነ ከወረቀት ያንብቡ፤ የሚያነሳው ሰው የሚመዘግበው ጉዳዩንና አቋሙን ነው።

ከዚያ ቀጠሮ ይጠይቁ። «የትራንስፖርት ጉዳይን ከያዘው የሕግ ረዳት ጋር» ብለው ይጠይቁ እንጂ «ከሴናተሩ ጋር» አይበሉ። የሚቀበልዎ ረዳት ገና ወጣት ሊሆን ይችላል፤ ትላልቅ አባቶች «ልጅ ላኩብን» ብለው ቅር ሲላቸው ይታያል። ለአለቃው የውሳኔ ሐሳብ ጽፎ የሚያቀርበው ግን ይኸው ልጅ ነውና ለእርሱ እንደሚገባው ይናገሩ።

በስብሰባው ውስጥ

ከአምስት ሰው በላይ አይሂዱ። አንድ ሰው ጥያቄውን ያቅርብ፣ ሁለት ሰዎች ምስክርነት ይስጡ፣ አንድ ሰው ማስታወሻ ይያዝ። ግማሽ ሰዓት ቢሰጥዎ እንኳ በአሥር ደቂቃ ጨርሰው ቀሪውን ለጥያቄ ይተዉት። አስተርጓሚ ማምጣት ይቻላል፤ ለወላጁ የሚያስተረጉም ታዳጊ ግን የቴክኒክ ቃሉን አስቀድሞ ካልተለማመደ መሃል ላይ ይቆማል።

ስጦታ አይያዙ። የስጦታ ደንቡ ጥብቅ ስለሆነ ነጠላውም ጀበናውም ቤት ይቅር። የምርጫ መዋጮ ነገር በዚያ ክፍል ውስጥ ጨርሶ አይነሳ። የወንድም ቪዛ ወይም የእህት የዜግነት ማመልከቻም አይነሳ፤ ለእርሱ ሌላ ሠራተኛ አለ፣ ሌላ ቀጠሮ ይያዙለት። ስብሰባው በዚህ የተነሳ ከመንገዱ ሲወጣ ለመመለስ በጣም አስቸጋሪ ነው።

ለሚነሱ ተቃውሞዎች ይዘጋጁ

«የነዳጅ ግብር የሚከፍለው መኪና ነጂው ነው» ከተባለ፦ የፌዴራል የቤንዚን ግብር ከ1993 ወዲህ በጋሎን 18.4 ሳንቲም ላይ ቆሟል፣ ፈንዱም ራሱን ስላልቻለ ኮንግረስ ከ2008 ጀምሮ ከአጠቃላይ ግምጃ ቤት እየደጎመው ነው። የ2021ዱ ሕግ ብቻ 118 ቢሊዮን ዶላር አሸጋግሮለታል፣ ከዚያ ውስጥ 90 ቢሊዮኑ ለአውራ ጎዳናው ቋት ነው። ስለዚህ መንገዱንም ግብር ከፋይ ሁሉ ይከፍልበታል። በኡበርና በታክሲ የሚሠሩ ወገኖቻችንም ይህንኑ ተቃውሞ ስለሚያነሱ መልሱን ከስብሰባው በፊት ለእነርሱ ያስረዱ።

«ጥገና እኮ አሁንም ይሸፈናል» ከተባለ፦ እውነት ነው፤ የመከላከያ ጥገና በሕጉ እንደ ካፒታል ይታያል። ያንን አምነው፣ የጠየቁት የሾፌርና የአገልግሎት ሰዓት ወጪ መሆኑን ይድገሙ።

«ይህ የአካባቢ ጉዳይ ነው» ከተባለ፦ አካባቢው ድርሻውን የሚከፍልበትን ምሳሌ ይዘው ይሂዱ። ለዋሽንግተን ሜትሮ የካፒታል ሥራ የፌዴራል መንግሥት በዓመት የሚሰጠው 150 ሚሊዮን ዶላር የተመሠረተው ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ እያንዳንዳቸው 50 ሚሊዮን እንዲያዋጡ በማድረግ ነው። ለመደበኛ ወጪም ተመሳሳይ የመጋራት ቀመር ይጠይቁ።

መልሱን የማያውቁት ጥያቄ ሲመጣ «አጣርቼ በዚህ ሳምንት እልክልዎታለሁ» ይበሉና ይላኩ። ይህ ለሁለተኛ ጊዜ ለመጻፍ የሚያበቃ ጥሩ ምክንያት ስለሆነ አይፈሩት።

ደረጃ 8፦ ይከታተሉ

በስብሰባው ማግስት ምስጋናውን፣ ጥያቄውንና ቃል የተገባውን በሦስት መስመር ይላኩ። በሦስት ሳምንት ውስጥ መልስ ካልመጣ ለዚያው ረዳት ይደውሉ። ረዳቶች ሥራ ስለሚለዋውጡ ሄዷል ከተባሉ ተተኪውን ይጠይቁ፣ አንድ ገጹንም እንደ አዲስ ይላኩ።

የተላከልዎ ደብዳቤ «ስለ መሠረተ ልማት ያለዎትን አሳብ እጋራለሁ» ዓይነት ሆኖ ጥያቄዎን ካልመለሰ፣ «ለመደበኛ ወጪ አዲስ ገንዘብ ይደግፋሉ ወይስ አይደግፉም» ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሰው ይጻፉ። ተቃውሞ ከመለሱልዎም አይጣሉ፤ የተቃውሞውን ምክንያት መዝግበው በሚቀጥለው ቀጠሮ ለዚያው ይዘጋጁ።

ሕጉ ከወጣ በኋላ ሥራው ሦስት ቦታ ይከፈላል። በሕጉ የተጻፈው ገንዘብ ሁሉ በራሱ አይለቀቅም፤ የተወሰነው በየዓመቱ በበጀት ምደባ ኮሚቴዎች ይወሰናልና ያንኑ አንድ ገጽ አሳጥረው በየዓመቱ የበጀት ወቅት ይላኩላቸው። ሁለተኛ፣ ክፍለ ሀገሮች ከአውራ ጎዳና የቀመር ገንዘብ የተወሰነውን ወደ ሕዝብ ትራንስፖርት ማዛወር ስለሚችሉ የክፍለ ሀገርዎን የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ስንቱን እንዳዛወረ በጽሑፍ ይጠይቁ። ሦስተኛ፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ ፕሮጀክቶች የሚዘረዘሩበትን የአካባቢውን የትራንስፖርት ዕቅድ ቦርድ የሕዝብ አስተያየት ጊዜ ይከታተሉ። በዋሽንግተን አካባቢ ይህ የብሔራዊ መዲና ክልል የትራንስፖርት ዕቅድ ቦርድ ነው፤ አስተያየትዎን በጽሑፍ ሲያስገቡ የደረሰኙን ቀን ይያዙ፣ በአማርኛ ማስተርጎም ከፈለጉም ከስብሰባው ቀን በፊት ያሳውቁ።